የድሮ የሩሲያ የወረቀት ገንዘብ ስትገዙ ፊርማውን እዩ

ለሰብሳቢዎች አንድ ነገር ልጠቁም። ከ1812 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣ ባለ 25 ወይም ባለ 50 ሩብል ኖት ካጋጠማችሁ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ፊርማዎቹን በማጉያ መነጽር እዩ። በእውነተኛው ላይ ባለሥልጣናቱ እያንዳንዱን በእጃቸው፣ በላባ ብዕር ነው የፈረሙት። መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ቀለሙም ወረቀቱ ውስጥ ሰርጓል። ናፖሊዮን ሩሲያን ሲወር ባሰራጫቸው ሐሰተኛ ኖቶች ላይ ግን ፊርማው ራሱ የታተመ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በሩሲያኛው «ደ» ፊደል ቦታ «ለ» ገብቷል። ሁለቱ ፊደላት ስለሚመሳሰሉ ላይ ላዩን ያየ ሰው ያልፈዋል።

የወረቀቱ ጥራት እንዳይሸውዳችሁ፤ ሐሰተኛው አንዳንዴ ከእውነተኛው የተሻለ ወረቀት አለው። ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝም ታሪክ ያለው ዕቃ ነውና ፈላጊ አያጣም። ብቻ ምንነቱን አውቃችሁ ግዙት።

ባለ 75 ሩብል ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በታላቋ ካትሪን ዘመን፣ በ1769 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ኖቶች አንዱ ነው። አጭበርባሪዎች 25ቱን ወደ 75 እየቀየሩ ስላስቸገሩ በ1771 ከገበያ ተሰበሰበ። በርካሽ የሚያቀርብላችሁ ካለ ዝም ብላችሁ እለፉት።