አሮጌ ተወዛዋዥ ወንበር እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚታደስ

አሮጌ ተወዛዋዥ ወንበር ሲያጋጥምዎ ለመቀመጥ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ለጥ ባለ ሊሾ ወለል ላይ ያኑሩት፤ የመደገፊያውን አናት በአንድ ጣት ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይልቀቁትና ምላሹን ይቁጠሩ። ጤነኛ ወንበር እየቀነሰ በሚሄድ ውዝዋዜ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ያለ ድምፅ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ተንቋቅቶ ቀጥ የሚል ከሆነ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ከሥሩ ያሉት ሁለት ቅስት እንጨቶች በአንድ ቦታ ተበልተው ጠፍጥፈዋል። ወደ ጎን እየተሳበ ቦታውን የሚለቅ ከሆነ ደግሞ የሁለቱ ቅስቶች ጉብጠት እኩል አይደለም። የቀለሙ ውበትና የተቀረጸው ጌጥ ከዚህ ፈተና በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

ይህን የተማርኩት በአያቴ ወንበር ነው። ባሕር ዳር ከሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ሲጀምር የምትቀመጥበት ወንበር ነበር። እርሷ ካረፈች በኋላ አንድ ክንዱ ስለላላ ለአናጺ ሰጠሁት፤ አናጺውም «ይኸው ጠበቀልህ» ብሎ ሦስት ምስማር መትቶ መለሰልኝ። ለጥቂት ወራት እውነትም ጠንክሮ ነበር። ነገር ግን እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸበሸባል፤ ምስማር ግን አብሮት አያብጥም፣ አብሮትም አይቀንስም። በየካቲት ላይ ክንዱ ከምስማሩ መስመር ጀምሮ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስለዚህ ወንበርዎን ለባለሙያ የሚሰጡ ቢሆን እንኳ ከሁሉ በፊት «እባክዎ ምስማር አያስነኩብኝ» ይበሉ።

ወደ ጥገናው ከመግባትዎ በፊት ግን የያዙት ወንበር ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይገባል፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያበላሻልና። ተወዛዋዥ ወንበር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ እየተስፋፋ የመጣ የቤት ዕቃ ነው። ፈልሳፊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ማስረጃ የለውም፤ የሕፃናት አልጋ ከዚያ አስቀድሞ ለዘመናት በቅስት እንጨት ይወዘወዝ ስለነበር፣ ያንኑ ቅስት ከአዋቂ ወንበር ሥር መግጠም የአንድ ሰው ብልሃት ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ልጇን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ እያለች ወዲያና ወዲህ የምትል እናት ባለችበት አገር፣ ወንበሩ ከሩቅ ቢመጣም ውዝዋዜው እንግዳ አይደለም። ጀርባቸውን ያማቸው የነበሩት ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲም ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ሐኪማቸው ጃኔት ትራቬል መክረዋቸው ነው በዚህ ወንበር መቀመጥ የጀመሩት፤ ምክንያቱም ሰው ሲወዛወዝ የጀርባው ጡንቻ በአንድ ቦታ ከመድረቅ ይልቅ እየተኮማተረና እየላላ ይሠራል።

ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ብዙዎቹ ተራ ወንበር ሆነው ተሠርተው በኋላ ቅስት የተጨመረላቸው ናቸው። ይህን ለመለየት እግሮቹን የሚያያይዙትን አግዳሚ እንጨቶች ይመልከቱ፤ ታችኛው አግዳሚ ከቅስቱ እጅግ ተጠግቶ ከሆነ እግሮቹ ለቅስት ሲባል ተቆርጠው ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ታዋቂ ዓይነት ትውልደ ጀርመኑ ሚካኤል ቶኔት በቪየና ያስፋፋው ነው፤ ቢች የተባለ የአውሮፓ ዛፍ እንጨት በእንፋሎት እያለሰለሰ በብረት ቅርጽ ያጥፍ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ያወጣው ተወዛዋዥ ወንበርም ከላይ እስከ ታች በጥምዝ እንጨት የተሠራ ነው። የቶኔት ክፍሎች በአብዛኛው በብሎን ስለሚያያዙ ኮላ ከመቀባትዎ በፊት ብሎኖቹን ማጥበቅ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ይፈትሹ።

ነጋዴዎች «ጥንታዊ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ 100 ዓመት የሞላውን ነው። ሻጩ የነገረዎትን ዕድሜ ግን እንጨቱ ራሱ ያረጋግጥልዎ። በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚቀርጽ መሣሪያ) የተቀረጸ ክብ እግር ለብዙ ዓመታት ሲደርቅ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ስለሚቀንስ፣ በመለኪያ ቢይዙት ሞላላ ሆኖ ያገኙታል። በራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ እንዲህ ያለ ብሎን ያለበት ወንበር ወይ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው፣ ወይ ከዚያ ወዲህ ተጠግኗል። እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የማምነው የሰው አካል ያበላሸውን ነው፦ የክንዶቹን ጫፍ፣ ተረከዝ ያረፈበትን የፊት አግዳሚና የቅስቶቹን ሆድ። እጅና እግር በማይደርሱበት ቦታ ሁሉ እኩል የተፋቀ ወንበር ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ነው።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። የላላውን ብቻ ይፍቱ፤ ጠንክሮ የቆመውን አይነካኩ። እያንዳንዱን ክፍል ከመንቀልዎ በፊት በጠመኔ ቁጥር ይጻፉበት፣ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ መዶሻ ይዘው በቀስታ ያንኳኩ። በአሮጌ ወንበሮች ላይ የሚገኘው ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ኮላ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ወይም በአቼቶ የረጠበ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ሲያርፍበት እንደ ሙጫ ይለሰልሳልና በደነዘ ቢላዋ ጠርገው ያውጡት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ የዛሬው የፋብሪካ ነጭ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ በደንብ አይዝም፤ እንጨቱ ራሱ ካልታየ ሥራው ከንቱ ነው። ካጸዱ በኋላ በሁለቱም ወገን ስስ አድርገው ቀብተው ይግጠሙ፣ በእግሮቹ ዙሪያ ገመድ ሁለት ዙር ያዙሩ፣ በገመዱ መካከል አጭር ዱላ አስገብተው እስኪጠብቅ ይጠምዝዙ። ታዲያ ወንበሩ ሊሾው ላይ ቆሞ፣ ሁለቱም ቅስቶች ወለሉን እኩል ነክተው መሆን አለበት፤ ተጣሞ ከደረቀ ለዘላለም ተጣሞ ይወዛወዛል። 24 ሰዓት ሳይሞላ ዱላውን አይፍቱ።

የተሰበረ ቅስት መተካት ከባዱ ሥራ ነው። ከቀጥ ያለ ሳንቃ ላይ ቅስት ቆርጦ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የእንጨቱ ጅማት በቅስቱ ጫፍ ላይ ተቆርጦ ስለሚቀር በቶሎ ይሰበራል። በጣና ዙሪያ ያለ ገበሬ ለእርፍ የሚሆነውን ከመጀመሪያው ጎብጦ ካደገ ቅርንጫፍ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ለቅስትም ጅማቱ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጨት ይፈልጉ። ዋንዛ ለመሥራት ይመቻል፤ ወይራ ግን መፋተግን ይበልጥ ይችላል። የኋላው ጫፍ ከፊተኛው ይርዘም፣ አለዚያ ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደ አዲስ ማድረግ የብዙ ወንበሮች ጥፋት ሆኗል። ዘመናት ያጠቆሩትን የእንጨት ቆዳ አንዴ ከፋቁት ተመልሶ አይመጣም። መጀመሪያ በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት፤ ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብተው ትርፉን ይጥረጉ፣ ሲደርቅም በጎጃም ንጹሕ ሰም ወልውሉት። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

የመቀመጫው ሽመና ከተበጠሰ በጠፍር መተካት ይቻላል፤ የጠፍር አልጋ የሚሠሩ እጆች በአካባቢያችን አሉ። ጠፍር ረጥቦ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። ኃይሉ ግን የቀጭን ጥምዝ ወንበርን ክፈፍ ሊያጣምም ስለሚችል በቶኔት ዓይነት ላይ አልመክረውም፤ ወፍራም ክፈፍ ላለው አገር ቤት ለተሠራ ወንበር ግን ከፕላስቲክ ገመድ እጅግ ይሻላል።

ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካዩ ወንበሩን ጥቁር ወረቀት ላይ ለሁለት ሳምንት ያቁሙት። አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ስለሆነ ከሌላ ዕቃ ጋር አያስጠጉት።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቫርኒሽ ትሰነጥቃለች፣ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ በረንዳ ድረስ ይረጫል። ወንበሩን ጥላ ባለበት፣ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ሲወዘወዝ ከግድግዳው አንድ ስንዝር በሚቀረው ቦታ ያኑሩት፤ ልጆች ጣታቸውን ከቅስቱ ሥር እንዳያስገቡም ይጠንቀቁ። እኔ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ያንኑ የአንድ ጣት ፈተና እደግማለሁ፤ የምላሹንም ቁጥር ከአያቴ ወንበር መቀመጫ ሥር በእርሳስ እጽፋለሁ። በምስማር ከተመታበት ዓመት በስተቀር ቁጥሩ ከ14 ወርዶ አያውቅም።