ከካንኩን ተነስቶ ቺቼን ኢትዛን በአንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ከአሜሪካ ለሠርግ፣ ለጫጉላ ወይም ለእረፍት ካንኩን የሚሄድ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ብዙው ሰው ሳምንቱን አሸዋ ላይ ተጋድሞ ይጨርሰዋል። አንዷን ቀን ቆርሶ ቺቼን ኢትዛን ለማየት ግን ጊዜ አይጠፋም። ቺቼን ኢትዛ የማያ ሕዝብ በሜክሲኮ ዩካታን የገነባት ጥንታዊ ከተማ ናት። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው የሚስተካከላት አልነበረም። ዩኔስኮ በ1988 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በ2007 ደግሞ ከአዲሶቹ ሰባት የዓለም ድንቆች አንዷ ተብላለች።

ጣጣው ያለው ጉዞው ላይ ነው። አብዛኛው የአንድ ቀን ጉብኝት ሰዓቱን በአውቶቡስ፣ በቡፌና በሱቅ ይበላዋል። ለፍርስራሹ የምትተርፈው ትንሽ ጊዜ ናት፤ እሷም አናት በሚበሳ የቀትር ፀሐይ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያዘነበለ ነው፦ በጠዋት መድረስና ሳይጣደፉ ማየት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

1. መጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን ቪዛ ካለው፣ ወይም በእነዚህ አገሮች ቋሚ ነዋሪ ከሆነ፣ የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱንም ፓስፖርቱንም ያዙ። ደንብ ይለወጣልና ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሜክሲኮ ቆንስላን ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና እልባት ያላገኘ ከሆነ ከጠበቃችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ከአሜሪካ ንቅንቅ እንዳትሉ። መውጣቱ ቀላል ነው፤ ተመልሶ መግባቱ ነው ራስ ምታቱ።

2. ከየት እንደምትነሱ ወስኑ

ከካንኩን እስከ ቺቼን ኢትዛ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዩካታን ዋና ከተማ ከሜሪዳ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከቫያዶሊድ ግን 45 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቫያዶሊድ የስፔን ቅኝ ገዢዎች የመሠረቷት፣ ቀለም በተቀቡ ዝቅተኛ ቤቶች የተሞላች ትንሽ ከተማ ናት።

እኔን ብትጠይቁኝ አንድ ሌሊት ቫያዶሊድ አድራችሁ ጠዋት ከዚያው አስጎብኚ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ለሁሉም ግን አይመችም። ሆቴሉ ተከፍሎበታል፣ ልጆች አሉ፣ ሻንጣ መጎተት ያሰለቻል። ከካንኩን ደርሶ መመለሱ ከሆነ ምርጫችሁ፣ ዋናው ሥራ የሚቀጥለው ላይ ነው።

3. ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

ጉብኝት ሻጮች ሁሉ የሚያሳዩት ፎቶ አንድ ነው፤ ፒራሚዱ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ ማንም የለም። በዋጋው አትመኑ፣ በፎቶውም አትመኑ። ጠይቁ።

ፍርስራሹ ጋ የምንደርሰው በስንት ሰዓት ነው? እዚያስ ምን ያህል እንቆያለን? መልሱ «ከቀኑ 6 ሰዓት እንደርሳለን፣ ሁለት ሰዓት እንቆያለን» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ አንዱ ለወረፋና ለአስጎብኚው ንግግር ይሄዳል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት የሚሰጣችሁንና በር ሲከፈት የሚያደርሳችሁን ውሰዱ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ይበል።

ስንት ሆቴል እየዞረ ሰው ይለቅማል? የካንኩን ሆቴሎች በረጅም የባሕር ዳርቻ ላይ የተዘረጉ ናቸው። ትልቅ አውቶቡስ እያንዳንዱ በር ላይ እየቆመ ሰው ሲጭን ጠዋቱ ያልቃል። ትንሽ ቫን ይሻላል።

መግቢያው ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ይህን በጽሑፍ አረጋግጡ። ቺቼን ኢትዛ መግቢያው ሁለት ክፍያ ነው። አንዱ የፌዴራሉ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋም ነው፣ ሌላው ደግሞ የዩካታን መንግሥት። የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው ቀላል አይደለም። በጣም ርካሽ የመሰለ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ይህን አይጨምርም፤ አውቶቡሱ መንገድ ከጀመረ በኋላ ማይክሮፎን ይዘው ይሰበስቡታል።

አስጎብኚው በስንት ቋንቋ ነው የሚናገረው? በአንድ ቡድን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚያፈራርቅ ከሆነ ግማሹን ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ የማይገባችሁን ትሰማላችሁ። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሄድ ቡድን ምረጡ።

ሱቅ ይቆማል? «የእጅ ጥበብ ማዕከል» የሚል ካያችሁ ሱቅ ነው። አንድ ቢሆን ግድ የለም፣ ሁለት ከሆነ ግን ቀናችሁ ተሸጧል።

ኤርፖርትና የሆቴል ሎቢ ውስጥ ደግሞ «ጉብኝቱ በነጻ ነው» የሚል ፈገግተኛ ሰው ያጋጥማችኋል። በለውጡ የእረፍት ቤት ድርሻ ግዙ የሚል ስብሰባ ላይ ያስቀምጣችኋል፤ የሽያጭ ሰዎቹም በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም። አመስግናችሁ እለፉ።

4. ሰዓትና ቀን

ካንኩን ያለችበት የኪንታና ሮ ግዛት ከዩካታን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ይህ ለእናንተ ጥቅም ነው። ቺቼን ኢትዛ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከካንኩን ንጋት 12 ሰዓት የተነሳ ቫን በካንኩን ሰዓት 2 ተኩል ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ግን ገና 1 ተኩል ነው። በሩ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ትቆማላችሁ ማለት ነው። ስልካችሁ ራሱን ስለሚቀይር ግራ እንዳትጋቡ። ስትመለሱ ያቺ አንድ ሰዓት ትወሰድባችኋለች፤ ለዚያ ምሽት የእራት ቀጠሮ ባትይዙ ይመረጣል።

እሑድን ተዉት። ለሜክሲኮ ዜጎችና ነዋሪዎች የፌዴራሉ መግቢያ ነጻ ስለሆነ ሰው ይጎርፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ይሻላል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ዝናብ አለ፤ አውሎ ነፋስም የሚመጣው በዚሁ ወቅት ነው።

በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በፒራሚዱ ሰሜናዊ ደረጃ ጠርዝ ላይ የብርሃንና የጥላ ሦስት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። እባብ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ይመስላል፤ ደረጃው ግርጌ ያለው የድንጋይ እባብ ራስ ያሟላዋል። ያን ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ ግን እጅግ ብዙ ነው። ጥላው በዚያች ዕለት ብቻ ስለማይታይ ጥቂት ቀን አስቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ሂዱ። ይህን ያህል ስለ ጥላው ካልጓጓችሁ ደግሞ ሰሞኑን በሙሉ ሽሹት።

5. የምትይዙት

ሰፊ ኮፍያ፣ ውሃ፣ የተመቸ ጫማ፣ የዋና ልብስና ፎጣ። ጥላ የሚሆን ዛፍ መሃል ሜዳው ላይ የለም። የሜክሲኮ ፔሶ ያዙ፤ ዶላር ይቀበላሉ ግን ምንዛሪው አይረባም። ድሮን ያለ ልዩ ፈቃድ አይቻልም። እናታችሁን ወይም አረጋዊ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ፣ መሬቱ ሜዳ ቢሆንም ጠጠር የበዛበትና እርምጃው ረጅም መሆኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

6. ግቢው ውስጥ

አስጎብኚው መጀመሪያ የሚወስዳችሁ ወደ ኤል ካስቲዮ ነው፤ ለኩኩልካን፣ ላባ ላለው እባብ አምላክ የተሠራው ፒራሚድ። ከላይ ካለው ቤተ መቅደስ ጋር ቁመቱ 30 ሜትር ይሆናል። መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል፣ ስለዚህ «አንዴ ብቻ» ብላችሁ ጠባቂውን አትለምኑት። በአራቱም ጎን ያሉትን ደረጃዎች አስቡ፤ እያንዳንዱ 91 ነው፣ የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365 ይሞላል።

እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ከሌላው ቱሪስት ቀድመን ይገባናል። የማያ የዓመት አቆጣጠር ባለ 20 ቀን 18 ወር ነበረው፤ በመጨረሻ አምስት ቀን ትጨመራለች። ጳጉሜን ይዞ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ልዩነቱ እኛ በጳጉሜ ጠበል ስንጠመቅ እነሱ አምስቱን ቀን እንደ ክፉ ቀን ይፈሯቸው ነበር። ለአስጎብኚያችሁ በአገራችሁ 13ኛ ወር እንዳለ ንገሩት። ከተሸመደደው ንግግር ወጥቶ ከልቡ ማውራት የሚጀምረው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ነው።

ከደረጃው ፊት ለፊት ቆማችሁ አጨብጭቡ። የሚመለሰው ድምፅ የወፍ ጩኸት ይመስላል፤ ኬትሳል ከምትባለው ቅዱስ ወፋቸው ድምፅ ጋር ያመሳስሉታል። ሆን ተብሎ ነው የተሠራው ወይስ አጋጣሚ የሚለው አሁንም ያከራክራል።

ቀጥሎ የኳስ ሜዳው። ርዝመቱ 168 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሜትር ነው። ከማያ አገር እስከ ማዕከላዊ ሜክሲኮ ካሉት ጥንታዊ ሜዳዎች የሚበልጠው የለም። ከባድ የጎማ ኳስ በዋናነት በዳሌ እየመቱ ይጫወቱ ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ስድስት ሜትር ከፍታ ገደማ፣ የድንጋይ ቀለበት አለ። ከሥር የተቀረጸውን በደንብ እዩት፤ አንገቱ የተቀላ ተጫዋች አለ፣ ደሙ እባብ ሆኖ ይፈስሳል። አንዳንድ አስጎብኚ «የሚሠዋው አሸናፊው ነበር» ይላል። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም።

የቡድኑ ገለጻ ብዙውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ያልቅና «ነጻ ሰዓት» ይባላል። አብዛኛው ሰው ፎቶ ተነስቶ ወደ ጥላ ይሸሻል። እናንተ ግን በዚያ ሰዓት ሁለት ቦታ ሂዱ። አንደኛው በስተ ሰሜን በድሮው የድንጋይ መንገድ የሚደረስበት ቅዱሱ ሴኖቴ ነው፤ ስፋቱ 60 ሜትር ያህል የሆነ የውሃ ጉድጓድ። ለዝናብ አምላክ መሥዋዕት የሚጣለው እዚህ ነበር። ኤድዋርድ ቶምፕሰን የሚባል የአሜሪካ ቆንስል ከ1904 ጀምሮ በማሽን እየዛቀ ወርቅ፣ ጄድ የሚባለውን አረንጓዴ የከበረ ድንጋይና የሰው አጥንት አወጣ። ብዙው ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተወሰደ፤ ከፊሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። የመቅደላን ዝርፊያ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለተኛው በስተ ደቡብ ያለው ኤል ካራኮል ነው፤ ክብ ሕንፃ፣ መስኮቶቹ የቬነስን መጥለቂያ ተከትለው የተከፈቱ። ወደዚያ የሚዘልቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጋዴዎች ሞልተዋል፤ የጃጓር ድምፅ የሚያወጣ ፉጨት ሲነፉ ልጆች ይደነግጣሉ። መግዛት ከፈለጋችሁ ስትወጡ ግዙ፣ ተከራከሩም። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ማያዎች ናቸው። ማያዎች ጠፍተዋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እርስ በርሳቸው በማያ ቋንቋ ሲነጋገሩ እንዲሰማ አድርጉት።

7. ሴኖቴና ምሳ

ዩካታን ከላይ የሚፈስ ወንዝ የላትም ማለት ይቻላል። ውሃው በኖራ ድንጋዩ ሥር ነው የሚሄደው፣ ጣሪያው የተደረመሰበት ቦታ ሴኖቴ ይባላል። በቅዱሱ ሴኖቴ መዋኘት ክልክል ነው። ጉብኝቶች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት በሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ወዳለው ኢክ ኪል ነው። ውሃው ከመሬቱ 26 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ በደረጃ ይወረዳል። ጥልቀቱ ከ40 ሜትር በላይ ስለሆነ ዋና ብትችሉም ላይፍ ጃኬት አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ትወስዳላችሁ፤ የፀሐይ ክሬምና የትንኝ መከላከያ ውሃውን ስለሚበክል ነው። የሚሻለው ሴኖቴውን ከፍርስራሹ በኋላ የሚያደርግ ጉብኝት ነው። ላብ ካጠመቃችሁ በኋላ ነው ውሃው የሚጥመው።

ምሳው ቡፌ ነው፣ መጠጡ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላል። የአካባቢው ታዋቂ ምግብ ኮቺኒታ ፒቢል ነው፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የአሳማ ሥጋ። የማትበሉ ፖዮ ፒቢል የሚባለውን ጠይቁ፣ ያው አሠራር በዶሮ ነው። ጾመኞች ተጠንቀቁ፦ ባቄላው ራሱ በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል። «ሲን ካርኔ» ማለት ያለ ሥጋ፣ «ሲን ማንቴካ» ማለት ያለ ስብ ነው፤ ሁለቱንም በሉ። ሩዝ፣ ቶርቲያ፣ አቮካዶና ፍራፍሬ ግን አይጠፋም። የሀባኔሮ ዳጣቸውን ደግሞ «እኛ በርበሬ ለምደናል» ብላችሁ በማንኪያ እንዳትጨልፉ። በጠብታ ጀምሩ።

8. መመለሻ

ብዙ ጉብኝት ሲመለስ ቫያዶሊድ አደባባይ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። አይስክሬም ለመብላት ይበቃል፣ ከተማ ለማየት ግን አይበቃም። ለአስጎብኚውና ለሾፌሩ ጉርሻ ለየብቻ፣ በፔሶ ስጡ፤ አብዛኛውን ቀን ሲነዳ የዋለው ሾፌሩ ነውና አትርሱት። የሆቴል ማውረዱ በተራ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቻርጀርና ቀለል ያለ ሹራብ መቀመጫችሁ አጠገብ አኑሩ፤ የአውቶቡሱ ኤሲ ያንዘፈዝፋል።