ምጽዋን በግንበኛ ዓይን ለማየት

ምጽዋን በእግር ለመዞር ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ያኔም ቢሆን ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ ረፋድ ላይ ሙቀቱ ይበረታል። የውጭ ዜጋ ከሆናችሁ ደግሞ ከአስመራ ሳትወጡ የጉዞ ፈቃድ ያዙ። መንገዱ ከየብስ ተነስቶ መጀመሪያ ጥዋለት ደሴትን ያገኛል። እሷን ለከሰዓት ተዉአትና ወደ አሮጌው ከተማ ደሴት ቀጥሉ።

ግንበኛ ነኝና እኔን የሚያቆመኝ ግድግዳው ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። ልስኑ የረገፈበትን ቦታ ፈልጉና ጠጋ በሉ፤ ድንጋዩ ላይ ኮከብ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታያላችሁ፤ በአንድ ወቅት ሕይወት የነበረባቸው ናቸው። ይህ ድንጋይ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም ይታዘዛል፤ ጨዋማ ነፋስ ግን ይበላዋል። የድሮ ባለሙያዎች በኖራ የለሰኑት ለዚህ ነው፤ ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። ሲሚንቶ ጨውና እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀርና ድንጋዩን ዱቄት ያደርገዋል። በሲሚንቶ የተለሰነ የኮራል ግድግዳ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ከዚያ ቀና በሉ። ከግድግዳው ወጣ ያለው ባለ ፍርግርግ የእንጨት ሰገነት ሮሻን ይባላል። ነፋሱን ያስገባል፣ ፀሐዩን ይከለክላል፤ ውስጥ ያለው ሰው መንገደኛውን ያያል እንጂ አይታይም። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557፣ ጣሊያኖች በ1885 ከተማዋን ያዙ፤ በመካከል ግብጾች ነበሩ። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት ስላፈረሰና ጣሊያኖች መልሰው ስለገነቡ፣ አንድ ጎዳና ላይ የኦቶማን ሮሻንና የጣሊያን ቅስት ጎን ለጎን ብታዩ አይግረማችሁ።

ሼክ ሐናፊ መስጊድን ሳታዩ አትለፉ። የሶላት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሂዱና አስፈቅዳችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ፤ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ። ወደቡን ፎቶ አታንሱ።

ከሰዓት ጥዋለት ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት እዩ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ምጽዋን ለግብጾች ያስተዳድር ለነበረው ስዊስ፣ ለቨርነር ሙንዚንገር፣ የተሠራ ሲሆን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሻዕቢያ ከተማዋን ከደርግ በያዘበት ውጊያ ጉልላቱ ተመትቷል። የጦርነቱ መታሰቢያ የሆኑት ሦስት ታንኮችም እዚያው ጥዋለት ላይ ናቸው። ቤተ መንግሥቱንና ታንኮቹን አንድ ላይ ካላያችሁ የከተማዋ ጉዳት በቅጡ አይገባችሁም።

አንድ ነገር አደራ፦ ባዶ ቤት ውስጥ ደረጃ አትውጡ፤ ወለሉን የተሸከመው እንጨት ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ከተሰነጠቀ ሰገነት ሥርም አትቁሙ። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ ደግሞ በሩን አንኳኩና ጠይቁ።