ደላዬ 135 ኩፔ፦ በሩ ሲወርድ፣ ማርሹ ሲንሸራተት

የድሮው የፈረንሳይ መኪና ሠሪ ደላዬ ፋብሪካ ሻሲውንና ሞተሩን ብቻ ይሰጥ ነበር። ቦዲውን ደግሞ እንደ ፊጎኒና ፋላሺ ወይም ሻፕሮን ያሉ የቦዲ ሠሪ ቤቶች ላሜራ በእጅ ቀጥቅጠው ለየደንበኛው ይሠሩት ነበር። ስለዚህ የአንዱ መኪና በር ለሌላው ላይገጥም ይችላል። እባካችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

በሩ ወርዷል፣ ካላነሱት አይዘጋም

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ማጠፊያውን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን ከላሜራው ሥር ነው፤ ቦዲው የተሠራው በእንጨት አጽም ላይ ስለሆነ፣ የዝናብ ውሃ በሩ የሚንጠለጠልበት ምሰሶ ግርጌ ይጠራቀምና እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ምንጣፉን ገልጣችሁ በወስፌ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው እስከ እጀታው ያስገባዋል፣ ሲነቀልም ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ ብናኝ ይዞ ይወጣል።

መፍትሄው የሞተውን ክፍል ብቻ ቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት መቀጠል ነው። ከዚያ በፊት ግን በሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለኩና ጻፉት፣ ቦዲውንም ከውስጥ በብረት ደግፉት፤ ሳይደገፍ እንጨቱ ከወጣ ላሜራው ይሸሻል፣ በሩም ዳግመኛ በቦታው አይገባም። የላላ ብሎን ጉድጓድ በስቱኮ መድፈን ጊዜ ማባከን ነው።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም

ይህ ኮታል ካምቢዮ ያላቸውን ይመለከታል፤ መሪው ሥር ባለች ትንሽ ማንሻ የሚታዘዝ፣ ማርሹን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚይዝ ካምቢዮ ነው። በተለይ ማታ መብራት ሲበራ ከተንሸራተተ ካምቢዮውን አታውርዱ! ማግኔቱ የሚይዘው በሚደርሰው ከረንት ልክ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ላይና ካምቢዮው ላይ ያለውን ቮልት ለኩ። ልዩነቱ ከበዛ የማሳ ሽቦውን (ከረንቱን በሻሲው በኩል የሚመልሰውን)፣ ፊውዙንና ከረንት የሚያስገቡትን ካርቦኖች አጽዱ።

አንድ ማርሽ ብቻ ከጠፋ የማንሻው ኮንታክት ነው የሚጠረጠረው። ሁለት ማርሽ አብረው ከጠፉ ግን አንድ ማግኔት ወይም የእሱ ሽቦ ሞቷል፤ እያንዳንዱ ማርሽ በሁለት ማግኔት ስለሚያዝ አንዱ ማግኔት ለሁለት ማርሽ ያገለግላል። አራቱም በአንዴ ከጠፉ ፊውዙን እዩ።

ሲሞቅ አይነሳም፣ ሚኒሞ ላይም (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል

የዛሬ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ኮፈኑን ከፍታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከካርቡራተሮቹ ሥርም ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጋስኬት አስገቡ። ሦስት የሶሌክስ ካርቡራተር ያለው ከሆነ ቀጭን ጎማ ቱቦ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ የእያንዳንዱን የአየር ድምፅ አዳምጡ፤ ሦስቱም እኩል እስኪያፏጩ አስተካክሉ።

ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል

ፍሬኑ በገመድ ነው። ሸራውን ከመቀየራችሁ በፊት ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈታችሁ ሳቡ፤ የደረቀው በእጅ ይታወቃል። ግሪስ ካልመለሰው ቀይሩት፣ ከዚያም አራቱን ጎማዎች አንስታችሁ እኩል መያዛቸውን ሳታዩ መንገድ ላይ አትውጡ።