ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ተጠባባቂው በራሱ እንዲረከብ እንዴት ይደረጋል?

የቢሮው ሥራ ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ከተንጠለጠለ፣ የዚያ ማሽን ፓወር ሰፕላይ የተቃጠለ ዕለት ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መፍትሔው ሁለተኛ ኮምፒውተር አዘጋጅቶ በኪፕአላይቭድ፣ ማለትም አንዱ ሲጠፋ ሌላው አድራሻውን እንዲረከብ በሚያደርግ ፕሮግራም፣ ማገናኘት ነው፤ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፣ በኡቡንቱ ላይም በቀላሉ ይጫናል።

ሁለት ኮምፒውተር፣ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ሦስት አይፒ አድራሻ፣ ሁለት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል። ሁለቱን ማሽኖች አንድ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ እሱ ሲሞት አብረው ይሞታሉ።

መጀመሪያ አድራሻ። ለዋናው 192.168.1.11፣ ለተጠባባቂው 192.168.1.12 በቋሚነት ስጡ። 192.168.1.10 ደግሞ በሰዓቱ ሥራ ላይ ያለው ማሽን የሚይዘው የጋራ አድራሻ ነው፤ ሠራተኞች የሚገቡት በእሱ ብቻ ይሁን። ሦስቱም ራውተሩ በዲኤችሲፒ፣ ማለትም በራሱ፣ ከሚያድላቸው አድራሻዎች ውጪ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ አንድ ቀን የእንግዳ ስልክ ይወስዳቸዋል።

ቀጥሎ ኪፕአላይቭድን በሁለቱም ጫኑ። በሁለቱም ማሽኖች የኪፕአላይቭድ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የቡድን ቁጥሩ (virtual_router_id) አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ 51። የቅድሚያ ቁጥሩ (priority) ግን ይለያይ፣ ትልቁን የያዘው ማሽን ነው የጋራውን አድራሻ የሚይዘው፤ ለዋናው 110፣ ለተጠባባቂው 100። ዋናው በየ1 ሰከንዱ «አለሁ» የሚል መልእክት ለዚሁ ወደተመደበው የቡድን አድራሻ ወደ 224.0.0.18 ይልካል። ተጠባባቂው 3.6 ሰከንድ ያህል ምንም ካልሰማ የጋራውን አድራሻ ይይዝና ለኔትወርኩ ያሳውቃል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል። ነገር ግን ማሽኑ በርቶ ዌብ ሰርቨሩ (ለሠራተኞች ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም) ብቻ ቢሞት ኪፕአላይቭድ አያውቅም፤ «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በየ2 ሰከንዱ ከራሱ ማሽን ገጹን የሚጠይቅ አጭር ስክሪፕት ጻፉ፤ መልስ በ1 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ እንደ ውድቀት ይቁጠረው። በተከታታይ 3 ጊዜ ሲወድቅ ከቅድሚያ ቁጥሩ 20 ይቀነስ። 110 ሲቀነስ 20፣ 90፤ ከተጠባባቂው 100 ያንሳል፣ ርክክቡ ይፈጸማል። 5 ብቻ ብትቀንሱ 105 ይቀራልና ተጠባባቂው ንቅንቅ አይልም። ይህ ስሌት ሲሳሳት ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ አስሉት። ወደ ቦታው ለመመለስ ደግሞ በተከታታይ 30 ጊዜ እንዲሳካ ጠይቁ፤ የሚንገዳገድ ማሽን አድራሻውን ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ሠራተኛውን እንዳያሰቃይ።

ግንኙነቱ ያዝ ለቀቅ ካደረገ በሁለቱም ማሽኖች ላይ የተያዙትን አድራሻዎች ተመልከቱ። 192.168.1.10 በሁለቱም ላይ ከታየ ሁለቱም ራሳቸውን ዋና አድርገዋል፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ «አለሁ» የሚለውን መልእክት የሚያግድ ፋየርዎል ነው። መልእክቱ የሚሄደው በፕሮቶኮል ቁጥር 112 ስለሆነ የቲሲፒ ወይም የዩዲፒ ፖርት መክፈት አይጠቅምም፤ ፕሮቶኮሉን ራሱን ፍቀዱ።

አድራሻው ተዛወረ ማለት መረጃው ተዛወረ ማለት አይደለም። መረጃችሁ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ካለ ቅጂው ወደ ተጠባባቂው ያለማቋረጥ እንዲፈስ አድርጉ። ቅጂውን ወደ ዋና ዳታቤዝ የመቀየሩን ሥራ ግን በእጃችሁ አስቀሩት፤ ያም አሮጌው መዘጋቱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ። ሁለቱም በየራሳቸው ከመዘገቡ በኋላ የተለያየውን መረጃ ማስታረቅ የቀናት ሥራ ነው።

በመጨረሻ ፈትኑት፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት። ከሌላ ኮምፒውተር ወደ 192.168.1.10 ፒንግ (በየሰከንዱ «አለህ?» የሚል ጥያቄ) እየላካችሁ የዋናውን የኤሌክትሪክ ገመድ ንቀሉ፤ 4 ያህል ፒንግ ይጠፋና ይመለሳል። ዋናውን መልሳችሁ አስነሱና ደግሞ ዌብ ሰርቨሩን ብቻ አቁሙ፤ ገጹ ወደ 10 ሰከንድ ይጠፋል። ኪፕአላይቭድን በትዕዛዝ አቁሞ መፈተን ግን ያታልላል፤ ሲዘጋ ተሰናብቶ ስለሚወጣ ርክክቡ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፣ የተቃጠለ ማሽን ደግሞ አይሰናበትም።