የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽንን ታሪክ በአልበሞቹ ለመከታተል፦ ለአዲስ አድማጭ የተዘጋጀ መመሪያ

ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን የተባለው የአሜሪካ ባንድ በስቱዲዮ የሠራቸው አልበሞች አራት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በ1992፣ የመጨረሻው በ2000 ወጥቷል (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመሆኑም ራፕንና ሄቪ ሜታልን ካዋሃዱት ባንዶች መካከል የዚህን ባንድ ታሪክ ከሥር መሠረቱ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ሥራው ከባድ አይሆንበትም፤ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ብዙ የተደመጡትን ዘፈኖች ከየአልበሙ ለቃቅመው ያቀርባሉ። በዚያ መንገድ የሚያዳምጥ ሰው ደስ የሚሉ ዘፈኖችን ያገኛል፤ ሆኖም እያንዳንዱ አልበም ለምን በዚያ ወቅት እንደተሠራ ሳይገባው ይቀራል። ይህ ባንድ ደግሞ ከወቅቱ ሁኔታ ተነጥሎ የሚገባ አይደለም።

ለማዳመጥ ከስልክ ድምፅ ማጉያ ይልቅ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ። የስልክ ማጉያ የቤዝ ጊታሩን ድምፅ ይውጠዋል፤ ቤዙ ካልተሰማ ደግሞ ከራፕ የመጣው ምት ይጠፋል። እያንዳንዱን ዋና ዘፈን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያዳምጡ፦ መጀመሪያ ከበሮውንና ቤዙን ብቻ፣ ቀጥሎ ጊታሩን፣ በመጨረሻም ግጥሙን እያነበቡ። ይህን የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ባንዶች ራፕን ከሮክ ጋር ያገናኙት በተለመደ የሮክ ሙዚቃ ላይ ራፐር በማስቀመጥ ነው። በዚህ ባንድ ግን የራፕ ሙዚቃን ሥራ የሚሠሩት አራቱም ሰዎች ናቸው፤ ዲጄው የሚያወጣውን ድምፅ ጊታሩ ያወጣል፣ የሚደጋገመውን የከበሮ ምት ሰው በእጁ ይመታዋል። በመጀመሪያው አልበም ላይ ከሌላ ቅጂ የተወሰደ ድምፅም ሆነ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር እንዳልተጠቀሙ በጽሑፍ ማስፈራቸውም ይህ እንዲታወቅላቸው ስለፈለጉ ነው።

ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ስለ ሰዎቹ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ጊታር ተጫዋቹ ቶም ሞሬሎ በ1964 በኒው ዮርክ ሃርለም ተወለደ። አባቱ ንጌቴ ንጆሮጌ የጎረቤታችን የኬንያ ዲፕሎማትና በተባበሩት መንግሥታት የሀገሩ ተወካይ የነበሩ ሲሆን፣ ልጁን ግን በኢሊኖይ ግዛት በምትገኝ ሊበርቲቪል በተባለች አነስተኛ ከተማ ብቻዋን ያሳደገችው መምህርት የነበረችው እናቱ ሜሪ ሞሬሎ ናት። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1986 ከተመረቀ በኋላ ሙዚቀኛ ለመሆን ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ድምፃዊው ዛክ ዴ ላ ሮቻ በ1970 ተወለደ፤ አባቱ ቤቶ ዴ ላ ሮቻ ሎስ ፎር በተባለው የሜክሲኮ አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ስብስብ ውስጥ የነበሩ ሠዓሊ ናቸው። ዛክ ራፕ ከመዝፈኑ በፊት ኢንሳይድ አውት በተባለ የሃርድኮር ፓንክ (ፈጣንና በጩኸት የሚዘፈን የሮክ ዓይነት) ባንድ ውስጥ ነበር፤ ጩኸቱን ያመጣው ከዚያ ነው። ቤዝ የሚጫወተው ቲም ኮመርፎርድ የዛክ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከበሮ የሚመታው ደግሞ ብራድ ዊልክ ነው። አራቱ በ1991 በሎስ አንጀለስ ተሰባሰቡ።

የመጀመሪያ ሥራቸው 12 ዘፈኖችን የያዘ፣ በራሳቸው ያዘጋጁት ካሴት ነበር። ሽፋኑ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ ዝርዝር ሲሆን፣ በላዩ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት ተለጥፎበታል። ማብራሪያ የሚፈልግ ሽፋን አይደለም። ብዙም ሳይቆይ የሶኒ ንብረት ከሆነው ከኤፒክ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። ካፒታሊዝምን የሚያወግዝ ባንድ በግዙፍ ኩባንያ በኩል አልበም ማውጣቱ እስከ ዛሬ ያስተቻቸዋል። ትችቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ያለዚያ የስርጭት አቅም መልእክታቸው በሎስ አንጀለስ ክበቦች ውስጥ ተወስኖ ይቀር እንደነበር እኔ እርግጠኛ ነኝ።

በባንዱ ስም የተጠራው የመጀመሪያው አልበም በኅዳር 1992 ወጣ። ሽፋኑን ሲያዩ አይለፉት። ፎቶግራፉ የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ኳንግ ዱክ የደቡብ ቬትናም መንግሥት በቡድሂስቶች ላይ ያደርስ የነበረውን በደል በመቃወም በሰኔ 1963 በሳይጎን አደባባይ ራሳቸውን ሲያቃጥሉ ማልኮም ብራውን ያነሳው ነው። አልበሙ የወጣበትን ወቅትም ያስቡ። በመጋቢት 1991 የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበድቡ በቪዲዮ ተቀረጹ። በሚያዝያ 1992 ፍርድ ቤት የቀረቡት ፖሊሶች ከጥቃቱ ክስ ነፃ ሲባሉ ከተማዋ ለቀናት ነደደች፤ ከ50 በላይ ሰዎችም ሞቱ። አልበሙ በዚያች ከተማ ከእሳቱ ጥቂት ወራት በኋላ የተሰማ ድምፅ ነው።

ከዚህ አልበም ረዘም ያለ ጊዜ የሚገባው «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» ነው። ሞሬሎ እንደተናገረው፣ ሪፉ (በዘፈኑ ውስጥ የሚደጋገመው አጭር የጊታር ሐረግ) የመጣለት ለአንድ ተማሪ የጊታር ትምህርት እየሰጠ የወፍራሙን ክር ቅኝት ከኢ ወደ ዲ ዝቅ ማድረግን በሚያሳይበት ጊዜ ሲሆን፣ እንዳይረሳው ትምህርቱን አቋርጦ ቀዳው። ዘፈኑ ከአምስት ደቂቃ ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን ግጥሙ ግን እጅግ አጭር ነው፦ የፖሊስ መለዮ ከለበሱት መካከል መስቀል ከሚያቃጥለው የነጮች የበላይነት ቡድን ጋር የሚሰለፉ መኖራቸውን የሚናገሩ ጥቂት ስንኞች፣ ከዚያም በመጨረሻ የእምቢታ አንድ ሐረግ 16 ጊዜ ይደጋገማል። ያንን ድግግሞሽ በጥንቃቄ ያዳምጡ። ዛክ ሲጀምር ለራሱ የሚያወራ ይመስላል፤ ዊልክ ከበሮውን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ጊታሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀም። ጩኸቱ ሲፈነዳ የሚሰማው ኃይል የመጣው ከድምፅ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ከነበረው ትዕግሥት ነው። ሐረጉ ጸያፍ ስድብ እንዳለበት አስቀድመው ይወቁ፤ ልጆች ባሉበት ባይከፍቱት ይመረጣል።

ጊታሩን ለይተው ለማዳመጥ ደግሞ ከዚሁ አልበም «ኖው ዩር ኤነሚ»ን፣ ቀጥሎም ከሁለተኛው አልበም «ቡልስ ኦን ፓሬድ»ን ይምረጡ። የሞሬሎ ጊታር ሁለት የክር ድምፅ መቀበያዎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸውም የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ አላቸው። አንዱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል፤ ሌላውን ይከፍተዋል። ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዘዋውረውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ሲመታት ድምፁ ይቆራረጣል፤ በ«ኖው ዩር ኤነሚ» መግቢያ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይህ ነው። በ«ቡልስ ኦን ፓሬድ» ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ በሚጫወትበት ክፍል) ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያዋን በአንድ እጁ እየነካካ በሌላው መዳፍ ክሮቹን ይፈትጋል፤ ውጤቱ ዲጄ ሸክላን ወደፊትና ወደኋላ ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ ነው። በ«ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» ሶሎ ውስጥ ድምፁን ወደ ላይ የሚተኩሰው ዋሚ የተባለው የእግር ፔዳል ነው። መሣሪያዎቹ ማንም ሱቅ ገብቶ ሊገዛቸው የሚችላቸው ናቸው። የሞሬሎ ልዩነት በሙዚቃ ትምህርት የማይቆጠሩትን የመሣሪያ ድምፆች እንደ ሙዚቃ ማዳመጡ ነው።

ከሁለተኛው አልበም በፊት አንድ ክስተት ይወቁ። በሐምሌ 1993 በፊላደልፊያ በተካሄደው የሎላፓሉዛ ፌስቲቫል ላይ አራቱም ራቁታቸውን፣ አፋቸውን በጥቁር ፕላስተር አሽገው፣ በአልበሞች ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲለጠፍ የገፋፋውን የወላጆች ኮሚቴ ምህጻረ ቃል አንድ አንድ ፊደል በደረታቸው ጽፈው ሩብ ሰዓት ያህል አንድም ዜማ ሳይጫወቱ ቆሙ።

«ኢቭል ኢምፓየር» በሚያዝያ 1996 ወጥቶ የቢልቦርድን የአልበሞች ሠንጠረዥ በአንደኝነት ያዘ። «የክፋት ግዛት» ማለት የሆነው ርዕሱ ፕሬዚዳንት ሬገን ሶቪየት ኅብረትን ከጠሩበት መጠሪያ ተወስዶ ወደ ራሷ ወደ አሜሪካ የተመለሰ ነው። ብዙ አዲስ አድማጮች ይህን አልበም ባንዱ በራሱ ዘፈኖች ከሠራቸው ሦስት አልበሞች ያነሰው አድርገው ይቆጥሩታል፤ ድምፁ ደረቅና ጥብቅ ስለሆነ ቶሎ አይለመድም። እኔ ግን ሳይቸኩሉ እንዲያዳምጡት እመክራለሁ። «ፒፕል ኦፍ ዘ ሰን»ን ሲከፍቱ በጥር 1 ቀን 1994 በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት የተነሣውን የዛፓቲስታ ነባር ሕዝቦች አመፅ ያስታውሱ፤ ዛክ ወደ አካባቢው ሄዶ የነበረ ሲሆን ዘፈኑም ለእነርሱ የተዘፈነ ነው። አልበሙ በወጣበት ሰሞን በሳተርደይ ናይት ላይቭ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ፣ አቅራቢው ባለሀብቱና ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የነበረው ስቲቭ ፎርብስ ሆኖ ሳለ፣ የአሜሪካን ባንዲራ ገልብጠው በአምፕሊፋየሮቻቸው ላይ ለመስቀል ሞከሩ። ሁለት ዘፈን እንዲጫወቱ ታቅዶ የነበረው በአንድ ተቋጨ።

ለእኔ ከሁሉም የተሟላው በኅዳር 1999 የወጣው «ዘ ባትል ኦፍ ሎስ አንጀለስ» ነው፤ ጊዜ ያነሰው አድማጭ ከዚህ ቢጀምር አልቃወምም። በ«ገሪላ ሬዲዮ» ሶሎ ጊታሩ የአፍ ሃርሞኒካ ይመስላል። የ«ስሊፕ ናው ኢን ዘ ፋየር» ቪዲዮ በጥር 2000 በኒው ዮርክ ዎል ስትሪት በፊልም ሠሪው ማይክል ሙር አዘጋጅነት ሲቀረጽ የአክሲዮን ገበያው በሮቹን ዘጋ፤ ይህ በቪዲዮው ውስጥ ስለሚታይ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ምስሉንም ይመልከቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ከሚካሄድበት አዳራሽ ውጭ በነፃ ተጫወቱ፤ ከዝግጅቱ በኋላም ፖሊስ የተሰበሰበውን ሰው በጎማ ጥይት በተነ። በጥቅምት ዛክ የባንዱ የውሳኔ አሰጣጥ ፈጽሞ እንደማይሠራ ገልጾ ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። የቀሩት ሦስቱ ከድምፃዊው ክሪስ ኮርኔል ጋር ኦዲዮስሌቭን መሠረቱ፤ ጥሩ የሮክ ባንድ ነበር፣ ራፕ ግን የለበትም። በሚያዝያ 2007 በኮቼላ ፌስቲቫል አራቱ ዳግም ተገናኙ። በታኅሣሥ 2009 በብሪታንያ አድማጮች በፌስቡክ ባካሄዱት ዘመቻ «ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም» በአንድ ሳምንት ከ500,000 በላይ ቅጂ ተሸጦ የቴሌቪዥን ውድድር አሸናፊውን ዘፈን በመብለጥ የገና ሰሞን አንደኛ ሆነ፤ ባንዱም በሰኔ 2010 በለንደን ፊንስበሪ ፓርክ በነፃ ተጫውቶ አመሰገነ። የ2022ቱ ጉዞ ገና እንደተጀመረ ዛክ እግሩ ተጎድቶ የቀሩትን የአሜሪካ ዝግጅቶች ተቀምጦ ከዘፈነ በኋላ ሌሎቹ ተሰረዙ። በ2023 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ባንዱን ሲቀበል የተገኘው ሞሬሎ ብቻ ነበር።

አራተኛውን አልበም «ሬኔጌድስ»ን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። በታኅሣሥ 2000፣ ዛክ ከለቀቀ በኋላ የወጣ ሲሆን፣ ሁሉም ዘፈኖች ከሌሎች የተወሰዱ ናቸው። ባንዱ ከማን እንደተማረ ራሱ የሚናገረው እዚህ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ዘፈን ከመጀመሪያው ባለቤት ቅጂ ጋር ጥንድ አድርገው ያዳምጡ፦ «ሬኔጌድስ ኦፍ ፈንክ»ን ከአፍሪካ ባምባታ፣ «ማይክሮፎን ፊንድ»ን ከኤሪክ ቢ እና ራኪም፣ «ኪክ አውት ዘ ጃምስ»ን ከዲትሮይቱ ኤምሲ5፣ «ዘ ጎስት ኦፍ ቶም ጆድ»ን ከብሩስ ስፕሪንግስቲን። የመጀመሪያውን ቅጂ ሁልጊዜ ያስቀድሙ፤ ከዚያ ሞሬሎ የትኛውን ድምፅ ወደ ጊታር እንዳዞረው፣ ዊልክም የትኛውን ምት ሳይነካ እንደተወው በቀላሉ ይለያሉ።