ታፔላ በሌለበት መንገድ ዳር መኪና ስለ ማቆም፤ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አሽከርካሪ፣ በተለይም በታክሲና በኡበር ሥራ የሚተዳደር፣ በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት የተለያዩ ሕጎች ሥር መኪናውን ያቆማል። ጠዋት አሌክሳንድሪያ ከቤቱ ደጃፍ ያስነሳውን መኪና ቀትር ላይ ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት አጠገብ፣ ማታ ደግሞ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያቆመዋል። ታፔላ ካለ አንብቦ መወሰን ይቻላል። ችግር የሚመጣው ታፔላ በሌለበት ብሎክ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከለክል ጽሑፍ ካላየ የተፈቀደ ይመስለውና ሲመለስ የቅጣት ወረቀት መስታወቱ ላይ ተሰክቶ ያገኛል።

ነገሩን ለመረዳት ክልከላዎቹን በሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። አንደኛው ዓይነት ከታፔላው ጋር የሚኖር ነው፤ የሰዓት ገደብ፣ የነዋሪዎች ፈቃድ፣ የመንገድ ጽዳት ቀን፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አለማቆም፣ እነዚህ ሁሉ በታፔላ ካልተነገሩ አሽከርካሪው ሊያውቃቸው አይችልም። ሁለተኛው ዓይነት ግን በሕጉ ውስጥ የተጻፈና በየትኛውም መንገድ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ታፔላ አያስፈልገውም፤ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ታፔላ አላየሁም የሚለው መከራከሪያ ለአንደኛው ዓይነት እንጂ ለሁለተኛው አይሠራም።

ከሁለተኛው ዓይነት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የእሳት አደጋ መኪናዎች ውሃ ስለሚስቡበት፣ በተለምዶ ፋየር ሃይድራንት ስለምንለው አጭር የብረት ቧንቧ የተደነገገው ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከዚህ ቧንቧ በ15 ጫማ ውስጥ፣ በዲሲ ደግሞ በ10 ጫማ ውስጥ መኪና ማቆም የተከለከለ ሲሆን፣ ርቀቱ የሚለካውም በግራም በቀኝም ነው። የመንገዱ ጠርዝ ቢጫ ቀለም ተቀባም አልተቀባም ክልከላው ያው ነው። ቧንቧው ብዙ ጊዜ የሚተከለው በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ባለው ሣር ላይ ስለሆነ ቁጥቋጦ ይጋርደዋል፣ በረዶ ሲጥልም ከአስፋልቱ የተዛቀው በረዶ እላዩ ላይ ይቆለልበታል። ስለዚህ ማታ ሲያቆሙ ከመኪናው ወርደው ከፊትና ከኋላ ያለውን ሣር በስልክዎ መብራት ይመልከቱ። ይህን የምለው ቅጣቱን ብቻ አስቤ አይደለም። ቤት እየተቃጠለ፣ ውስጡም ሰው እያለ፣ ቱቦ ለማገናኘት የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቧንቧውን የጋረደባቸውን መኪና መስታወት በሁለቱም በኩል ሰብረው ቱቦውን በውስጡ ያሳለፉበት ጊዜም አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው የመንገድ ማዕዘን ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ የሁለት መንገዶች ጠርዝ ከሚገናኝበት ነጥብ በ20 ጫማ ውስጥ ማቆምን ትከለክላለች። ሜሪላንድ ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ ካለ የእግረኛ ማቋረጫ 20 ጫማ፣ መንገድ ዳር ወደ ተተከለ የትራፊክ መብራት ወይም ወደ ስቶፕና ይልድ (ቅድሚያ ስጥ) ምልክት ሲቃረቡ 30 ጫማ እንዲርቁ ታዛለች። በዲሲ ከስቶፕና ከይልድ ምልክት በፊት ክፍት የሚተወው ርቀት 25 ጫማ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ በሜሪላንድ ሕግ ማቋረጫ የሚባለው ነጭ መስመር የተሰመረበት ቦታ ብቻ አለመሆኑ ነው። መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ፣ የእግረኛ መንገዱ በቀጥታ ወደ ማዶ ቢቀጥል ኖሮ ያልፍበት የነበረው አስፋልት፣ ምንም ቀለም ባይነካውም ማቋረጫ ነው። ማዕዘን ላይ የቆመ ትልቅ መኪና ከበስተኋላው ሊሻገር የቆመን ልጅ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ እየመጣ ያለው ሹፌር ልጁን የሚያየው አስፋልቱ መሃል ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በሦስቱም ቦታ ከማዕዘን ቢያንስ የሁለት መኪና ርዝመት ያህል መተው ጥሩ ልማድ ነው እላለሁ፤ ሕጉ ከሚጠይቀው ቢበልጥም የሚጎዳ ነገር የለውም።

እነዚህን ርቀቶች ለማወቅ ሜትር ይዞ መዞር አያስፈልግም። የአዋቂ ሰው መደበኛ እርምጃ ወደ ሁለት ጫማ ተኩል ይጠጋል፤ በዚህ ስሌት 10 ጫማ አራት እርምጃ፣ 15 ጫማ ስድስት፣ 20 ጫማ ስምንት፣ 25 ጫማ አሥር፣ 30 ጫማ ደግሞ አሥራ ሁለት እርምጃ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንነዳት ቶዮታ ካምሪ 16 ጫማ ገደማ ርዝመት ስላላት፣ በቧንቧውና በመኪናዎ መካከል ሌላ ካምሪ የሚያስገባ ቦታ ካለ በሦስቱም ቦታ ከክልከላው ውጭ ነዎት። መጠራጠር ካለ ግን በእግር መለካት ይሻላል፤ ከመሪው ጀርባ ሆኖ በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ርቀቱን አብዝቶ ያሳያል።

የቀሩትን ባጭሩ ማንሳት ይበቃል። በዲሲ ከግቢ መግቢያና ከጓሮ መንገድ አፍ አምስት ጫማ መራቅ ግዴታ ነው። በዲሲና በሜሪላንድ የመኪናው ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ ከ12 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። ሁለት አቅጣጫ ባለው መንገድ ላይ መኪናው በቀኝ በኩል፣ ትራፊኩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ መቆም አለበት፤ ማዶ ያለውን ክፍት ቦታ አይቶ ተሻግሮ በተቃራኒው መቆም፣ ታፔላ ባይኖርም ያስቀጣል።

ይህን ሁሉ ካረጋገጡ በኋላ፣ ታፔላ የለም ያሉት ብሎክ በእርግጥ ታፔላ የሌለው መሆኑን ማጣራት ይቀራል። ታፔላ መኪናዎ ካቆመበት ቦታ ፊት ለፊት ላይኖር ይችላል፤ ከብሎኩ ጫፍ የተተከለ ታፔላ ቀስቱ ወደ እርስዎ የሚያመለክት ከሆነ ይመለከትዎታል። ስለዚህ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በእግር ሄደው ይመልከቱ፤ ቅጠል የሸፈነው ወይም ወድቆ ቋሚ ብረቱና ሁለት ቡሎን ብቻ የቀረው ታፔላ ሊኖር ስለሚችል ቀና ብለው ያጣሩ። ዲሲ ውስጥ ለዕቃ ማጓጓዣና ለግንባታ የሚለጠፉ ጊዜያዊ የወረቀት ማስታወቂያዎችም አሉ፤ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ ስላለባቸው አንዱን ነፋስ ቢወስደው እንኳ ቀጥሎ ባለው ዛፍ ላይ ሌላው ሊገኝ ይችላል። ሌሎች መኪናዎች ስለቆሙ ብቻ ማቆም ግን ዋስትና አይሆንም። በትንሣኤ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባሉ የመኖሪያ መንገዶች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ሲያቆም ሌላው ይከተለዋል፣ ቅጣቱም ለሁሉም ይደርሳል። ምእመናኑን የሚያስተናግዱ ወጣቶች ማዕዘኖቹንና ቧንቧዎቹን አስቀድመው በፕላስቲክ ኮን ቢያመላክቱ ለጎረቤቱም ለምእመኑም ትልቅ አገልግሎት ነው።

የቅጣት ወረቀት ከመጣ በመጀመሪያ የተጻፈብዎትን ጥፋት ያንብቡና ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የሰዓት ገደብ ወይም የነዋሪ ፈቃድ ከሆነና ታፔላው በእርግጥ ከጠፋ ወይም ከተሸፈነ፣ በዲሲ ሕግ ይህ ተቀባይነት ያለው መከላከያ ነው። መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ፎቶ ያንሱ፤ አንዱ ፎቶ የመኪናውን ሰሌዳና ከአጠገቡ ያለውን ቤት ቁጥር፣ ሌሎቹ ብሎኩን ከሁለቱም ጫፍ፣ ቅጠል የሸፈነው ታፔላ ካለም እሱን አሽከርካሪው ከሚያይበት አቅጣጫ የሚያሳዩ ይሁኑ። የተጠጋ ፎቶ ብቻ ታፔላ አለመኖሩን አያስረዳም። የዲሲ ቅጣት መቃወሚያ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ለዲሲ የሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኬድበት መንገድ በቅጣት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የተሰጠው ቀን ካለፈ በዲሲ ቅጣቱ በእጥፍ ስለሚያድግ፣ ለመከራከር ያሰቡም ቢሆን ወረቀቱን መኪናው ኪስ ውስጥ አያሳድሩት።